መጸለይ ሲያቅት እምነት ጠፋ ማለት ነው?

እህቴ፣ ሥራሽን ካጣሽና እናትሽ ከታመሙ ወዲህ መጸለይ እንዳቃተሽ ጽፈሽ፣ «እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?» ብለሻል። እኔ አይመስለኝም። ኤልያስን ተመልከቺ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና በላ።

መዝሙር 88ንም (በግዕዙ ቁጥር 87) አንብቢው። የሚያልቀው በጨለማ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው። ቃል ሲጠፋሽ እሱን ድገሚው።

«እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ» የሚሉሽን አትስሚ። ይልቅ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኛት ጓደኛሽ ንገሪ፤ አብረውሽ ይጸልዩ። ምግብሽንም እባክሽ አትተዪ። የእናትሽን የክርስትና ስም በውስጥ ላኪልኝ፤ ዛሬ ማታ በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።