የተቀየመው በ«ዩ» ነው

ባልደረባህ ዕድገት ማግኘቱን ሲነግርህ በእንግሊዝኛ «አይ ዶንት ቢሊቭ ዩ» ብለኸው ፊቱ የተለዋወጠው፣ «ዋሽተሃል» ያልከው ስለመሰለው ነው። መጨረሻ ላይ «ዩ» ከገባች ጥርጣሬው ወሬው ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ ያርፋል።

ልትል የፈለግከው የእኛን የደስታ «አላምንም!» ከሆነ «አይ ካንት ቢሊቭ ኢት!» በል። ለጓደኛ «ኖ ዌይ!» ይበቃል። አለቃህ ፊት ግን «ዛትስ ግሬት ኒውስ!» ይሻልሃል።

የምር ስትጠራጠርስ? ሰው ሳታስቀይም «አር ዩ ሹር?» ብለህ ጠይቅ። «አይመስለኝም» ብለህ የራስህን ግምት ስትናገር ደግሞ «ዶንት»ን ከ«ቲንክ» ፊት አስገባት፦ «አይ ዶንት ቲንክ ሂ ኢዝ ካሚንግ»። «አይ ቲንክ ሂ ኢዝ ኖት ካሚንግ» ብትልም ስህተት የለውም፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጆሮ የለመደው ግን የፊተኛውን ነው።

«ሪሊ» ላይ ግን በጣም ተጠንቀቅ። መጨረሻዋን ወደ ላይ ሳብ ካደረግካት «እውነት? እስቲ ንገረኝ» ትሆናለች። ዝቅ አድርገህ በደረቁ ካልካት «ተወኝ ባክህ» ነው የምትመስለው። በስልክ ደንበኛ በማስተናግድበት ሥራ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ፈገግታህ ስለማይታይ እዚያ ይብሳል። ስለዚህ ስልክ ላይ ብቻዋን አትተዋት፤ ወዲያው «ኮንግራጁሌሽንስ!» አስከትልባት።