የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ደመወዝ በገባ ቀን ከፍዬ በዚያው ቀን መልሼ እበደራለሁ»

ጥያቄ፦ የምኖረው በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ነው። በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ አስረክቦ የተረፈውን ይዞ ይመጣል። ሁለት ልጆች አሉን። ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰድኩት ብድር 30,000 ብር ይቀረዋል፤ ለእርሱ በየወሩ 1,500 ብር ተቆርጦ 11,500 ብር እጄ ይገባል። ከዚህ ሌላ በስልክ ከሚያበድሩ ሁለት አገልግሎቶች 6,000 እና 3,000 ብር ወስጃለሁ፤ ሁለቱም በወር ከመቶ 8 የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃሉ። የሰፈር ሱቅ ዱቤ 4,200 ብር ደርሷል። ለእኅቴ 8,000 ብር አለብኝ። ዕጣዬን ቀድሜ የወሰድኩት ዕቁብ ደግሞ ገና ለስድስት ወር በየወሩ 1,000 ብር ይፈልጋል። ደመወዝ በገባ ቀን የስልኩን ብድር ከነክፍያው 9,720 ብር እከፍላለሁ፤ የሚተርፈኝ ወሩን ስለማያደርሰኝ በዚያው ቀን ያንኑ ያህል መልሼ እበደራለሁ። ከዚህ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንዴ በልጄ ሕመም፣ አንዴ በበዓል ወጪ ተቋርጦብኛል፤ አሁን መሞከሩም ሰልችቶኛል። ባለቤቴ ስለ ሁለተኛው የስልክ ብድር አያውቅም። በቅርቡ መጋላ የሚነግድ አንድ የምናውቀው ሰው 20,000 ብር በወር ከመቶ 5 አበድርሻለሁ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዝጊበት ብሎኛል። ውል አያስፈልግም፣ የተፈረመ ቼክ ብቻ ስጪኝ ነው የሚለው። ልቀበል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ መልሱን ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ የነጋዴውን ብድር አይቀበሉ። ከመቶ 5 ከከመቶ 8 የሚያንስ ስለሚመስል ሐሳቡ እንደሚያማልል እረዳለሁ፤ ነገር ግን ክፍያው የሚታሰበው በስንት ብር ላይ እንደሆነ ይመልከቱ። ዛሬ ከመቶ 8 የሚከፍሉት በ9,000 ብር ላይ ብቻ ስለሆነ በወር የሚወጣብዎ 720 ብር ነው። የነጋዴውን 20,000 ብር ሲወስዱ ግን ዋናው ገንዘብ አንድ ብር እንኳ ሳይቀንስ በየወሩ 1,000 ብር ይከፍላሉ። የሱቁ ዱቤም ሆነ የእኅትዎ ገንዘብ ዛሬ ምንም ወለድ የለበትም፤ በነጋዴው ገንዘብ ሲዘጓቸው ወለድ ያልነበረበትን ዕዳ ወለድ ወደሚበላው ዕዳ ይለውጡታል።

ሕጉንም ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ግለሰቦች ሲበዳደሩ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ በወር ከመቶ 5 ማለት በዓመት ከመቶ 60 ነው። አራጣ ማበደር በወንጀልም ያስጠይቃል። በአንቀጽ 2472 መሠረት ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም። እንግዲህ አበዳሪው ውል ሳይፈልግ ቼክ ብቻ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ያስቡበት። በቂ ገንዘብ የሌለበትን ቼክ ፈርሞ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ አንድ ወር መክፈል ቢያቅትዎ ከገንዘብ ክርክር አልፎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስ ወረቀት በሰውየው እጅ ይኖራል ማለት ነው።

ወደ ስልኩ ብድር ልመለስ፤ ከዕዳዎ ሁሉ ቀድሞ መውጣት ያለበት እርሱ ነውና። አሁን በያዙት አካሄድ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳያሳልፉ ቢከፍሉ 8,640 ብር ያወጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻም 9,000 ብሩ እንዳለ ይቆይዎታል። ያሰለቸዎትም ይህ ይመስለኛል። ሰው ዕዳው ሲቀንስ እያየ ቢከፍል ይበረታል፤ ከፍሎ ከፍሎ እዚያው ሲገኝ ግን ጉልበቱ ቢያልቅ አያስገርምም። ስለዚህ ራስዎን በስንፍና አይውቀሱ፤ የሚያስፈልግዎ በየወሩ የሚታይ ቅናሽ ነው።

ይህንንም በአንድ ጊዜ ለመዝጋት አይሞክሩ። ያለፉት ሙከራዎች የተቋረጡት ሙሉውን ዕዳ በአንድ ደመወዝ ለመዝጋት ሲጥሩ ቤቱን ባዶ ስላስቀሩት ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በሚቀጥለው ደመወዝ እንደ ወትሮው 9,720 ብሩን ይክፈሉና መልሰው ሲበደሩ 7,500 ብር ብቻ ይውሰዱ፤ ከ6,000ው አይንኩ፣ ከ3,000ው ግን 1,500 ይቀንሱ። ስልኩ ሙሉውን መጠን ውሰዱ ቢልዎትም የሚያስገድድዎ የለም። በሁለተኛው ወር ያቺን 1,500 ብር ሳይወስዱ ይቅሩ፤ ትንሹ ብድር በዚያው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ትልቁን በየወሩ 1,500 ብር እየቀነሱ ቢሄዱ በስድስተኛው ወር የስልክ ብድር የሚባል አይኖርብዎትም። በእነዚህ ስድስት ወራት በጠቅላላው የሚከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ 2,520 ብር ነው፤ በዛሬው አካሄድ ግን 4,320 ብር ይሆን ነበር።

ከብዙ ዕዳ መካከል ትንሹን ቀድሞ መዝጋት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ወለዱ የሚከብደውን ማስቀደም ይሻላል የሚሉም አሉ። በሒሳብ ትክክል የሆነው ሁለተኛው ነው። በእርስዎ ጉዳይ ግን ሁለቱ የስልክ ብድሮች ክፍያቸው እኩል ስለሆነ፣ ትንሹን በማስቀደም ምንም ሳይከስሩ አንድ ዕዳ ከነስሙ ሲጠፋ በሁለት ወር ውስጥ ያያሉ፤ ይህ ደግሞ ለቀሩት ወራት ብርታት ይሰጣል።

1,500 ብሩ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ልፈርድብዎ አልፈልግም፤ ባለኝ መረጃ ላይ ተመሥርቼ ሦስት ቦታ ልጠቁም። የመጀመሪያው ሥራዎ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ በሌሊትና በእሑድ ተረኛ ሆኖ ሲሠራ የዲዩቲ ክፍያ ስለሚያገኝ፣ ለስድስት ወር ብቻ በወር ጥቂት ተጨማሪ ዲዩቲ እንዲመደብልዎ ኃላፊዎን ይጠይቁ። ሁለተኛው ሱቁ ነው። ባለሱቁን ቀርበው ያነጋግሩት፤ የድሬ ባለሱቅ ደንበኛው ሲሸሸው እንጂ ፊት ለፊት መጥቶ ሲነግረው አይከፋም። የቆየው 4,200 ብር ለስድስት ወር እንዲታገስዎ፣ እርስዎም በደብተሩ ላይ አዲስ ዱቤ እንዳይጽፉ ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱንም ዘይቱንም በጥሬ ገንዘብ፣ ሲቻል ከቀፊራ ገበያ ይግዙ። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ በዚህ ብቻ በወር የሚተርፈው ቀላል አይደለም። ሦስተኛው በደብዳቤዎ ያልጠቀሱት ነገር ነው። በቤታችሁ የጫት ወጪ ካለ ከሒሳቡ ውጭ አይተዉት፤ በከተማችን በብዙ ቤት ይህ ወጪ በየቀኑ ስለሚወጣ ማንም በወር ደምሮት አያውቅም። ይቁም አልልም፤ ተደምሮ ይታወቅና ባልና ሚስት ተነጋግራችሁ ወስኑበት።

ይህም ወደ ባለቤትዎ ያመጣኛል። ሁለተኛውን የስልክ ብድር ዛሬ ነገ ሳይሉ ይንገሩት። ዕዳን መደበቅ ራሱን የቻለ ወጪ አለው፤ የሚደብቅ ሰው ገንዘብ ሲቸግረው ቤተሰቡን ከመጠየቅ ይልቅ ስልኩን ይነካል። የባጃጅ ገቢ በየቀኑ የሚገባ መሆኑም ለእናንተ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባለቤትዎ በየቀኑ 50 ብር ለዚህ ዓላማ ለይቶ ቢያስቀምጥ በወር 1,500 ብሩ ሞላ ማለት ነው። ሲነግሩት ይህን የስድስት ወር ሒሳብ በወረቀት ጽፈው ይዘው ይቅረቡ፤ ችግርን ብቻውን ከመስማት ከነመውጫው መስማት ይቀላል።

ሌላም መንገድ አለ። የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ በነባሩ ብድር ላይ 9,000 ብር ጨምሮ ሊሰጥዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የእነዚህ ማኅበራት ወለድ በዓመት ስለሚታሰብ በወር ከመቶ 8 ከሚጠይቅ አገልግሎት ጋር አይወዳደርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝዎ ላይ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ከሲሶው መብለጥ የለበትም፤ እርስዎ ዛሬ ከዚያ ብዙ በታች ነዎት። ከተፈቀደልዎ ግን 9,000 ብሩን ብቻ ይውሰዱ፣ በዚያው ቀንም ሁለቱን የስልክ ብድሮች ዘግተው መተግበሪያዎቹን ከስልክዎ ያጥፏቸው። ይህን ማድረግ የማይችሉ ከመሰለዎ ቀስ በቀስ የመቀነሱ መንገድ ይሻልዎታል፤ አለዚያ ከሦስት ወር በኋላ የማኅበሩም የስልኩም ዕዳ አንድ ላይ ይኖርብዎታል።

ዕቁቡን ያለማቋረጥ ይክፈሉ። ዕጣ የደረሰው ሰው ቀሪ መዋጮ ዕዳ ነው፤ እርሱን ማጓደል ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዋስዎን ያስቸግራል። በስድስተኛው ወር ዕቁቡና የስልኩ ብድር አብረው ስለሚያልቁ ዕቁቡ ይወስደው የነበረው 1,000 ብርና በመጨረሻው ወር ለስልኩ የከፈሉት 1,620 ብር ተደምረው በየወሩ 2,620 ብር ነፃ ይሆናል። በዚህ ገንዘብ የሱቁ ዱቤ በሁለት ወር ያልቃል፤ የእኅትዎም ገንዘብ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ቢፈጅ ነው። እስከዚያ ግን ለእኅትዎ መቼ መክፈል እንደሚጀምሩ ወሩን ቆርጠው ይንገሯት፤ ቤተሰብን የሚያስቀይመው ከመዘግየቱ ይልቅ ዝምታው ነው።

ስለ መሰልቸቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱንም ጊዜ ያቋረጡት በሕመምና በበዓል ነው፤ ሁለቱም ወደፊትም ይመጣሉ። በመሆኑም ከስድስቱ ወራት መካከል አንዱ ምንም ዋና ገንዘብ የማይቀንሱበት ወር እንዲሆን ከአሁኑ ይፍቀዱለት፤ ደንቡ አንድ ብቻ ነው፣ በዚያ ወር ብድሩ አይጨምርም። ቀድሞ የታሰበ ዕረፍት ዕቅዱን በአንድ ወር ያራዝመዋል እንጂ አያፈርሰውም። ለልጆች ሕመም የሚሆን ጥቂት መቶ ብርም በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ይህ ገንዘብ ከሌለ የመጀመሪያው ትኩሳት ወደ ስልኩ ይመልስዎታል። በየደመወዙ ቀን ቀሪውን ዕዳ ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የሚጻፈው የከፈሉት ሳይሆን የቀረው ይሁን። ዛሬ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 57,200 ብር ነው።

ጥያቄ፦ የሐረር ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አሜሪካ የሚኖረው ልጄ በየወሩ 200 ዶላር ይልክልናል። ሰሞኑን 12,000 ዶላር የክሬዲት ካርድ ዕዳ እንዳለበትና ወለዱ በዓመት ከመቶ 22 እንደሆነ ነገረኝ። በየወሩ 240 ዶላር ቢከፍልም ዕዳው አልነቃነቅ ብሎት ተስፋ ቆርጧል። ከእኛ ከወላጆቹ ምን ይጠበቃል?

መልስ፦ ውድ አባታችን፣ ልጅዎ ተስፋ መቁረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቶ 22 በ12,000 ዶላር ላይ በወር 220 ዶላር ያህል ወለድ ስለሚሆን፣ ከሚከፍለው 240 ዶላር ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው 20 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ከቀጠለ፣ ካርዱን ዳግመኛ ባይጠቀምበት እንኳ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ብዙ ካርዶች የሚጠይቁት ዝቅተኛ ክፍያ ከወለዱ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ በመሆኑ ሰው በታማኝነት እየከፈለ በዕዳ ውስጥ የሚቆየው በዚህ የተነሳ ነው።

እርስዎ ሊያደርጉለት የሚችሉት ግን ብዙ ነው። ከሚልክላችሁ 200 ዶላር ግማሹን ለካርዱ ቢያውለውና በወር 340 ዶላር ቢከፍል፣ ዕዳው ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሙሉውን ቢያውልና 440 ዶላር ቢከፍል ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ጡረታዎ ቤቱን የሚያኖር ከሆነ ይህን ሐሳብ ራስዎ ያቅርቡለት፤ አሳዳጊውን መርዳት እንደ ግዴታው የሚያይ ልጅ መላኩን ልቀንስ ብሎ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፣ ከእርስዎ ሲመጣ ግን ያርፋል።

ከዚያ ቀጥሎ ካርዱን መጠቀም እንዲያቆም፣ ወደ ባንኩም ደውሎ ወለዱ እንዲቀነስለት እንዲጠይቅ ይምከሩት። በአሜሪካ ለትርፍ ያልቆሙ የዕዳ አማካሪ ድርጅቶች አሉ፤ ከአበዳሪው ጋር ተነጋግረው ዝቅ ያለ ወለድ ያለው የክፍያ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። ዕዳን ለተወሰኑ ወራት ያለ ወለድ ወደሚይዝ ሌላ ካርድ ማዛወርም ይቻላል፤ ለማዛወሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 3 እስከ 5 ይከፈላል፤ ጊዜው ሲያልቅ ግን በቀሪው ላይ ሙሉ ወለድ ስለሚጀምር በዚያ ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን መክፈል የሚችል ሰው ብቻ ይጠቀምበታል። ዕዳህን እናስቀንስልሃለን እያሉ ቅድሚያ ክፍያ ከሚጠይቁ ድርጅቶች ይራቅ።

ለእናንተ ይላክ የነበረው ገንዘብ በሚላክበት ቀን በቀጥታ ከሒሳቡ ወደ ካርዱ እንዲገባ ያድርግ፤ በእጁ ከቆየ ሌላ ወጪ ያገኘዋል። በየወሩም ቀሪውን ዕዳ ለእርስዎ እንዲነግርዎ ይጠይቁት፤ ሲነግርዎም ያለፈውን ወር ቁጥር አስታውሰው ስንት እንደቀነሰ እርስዎ ያስሉለት።