ሎሚ፣ ሳለ፣ ሹም፦ አጻጻፉ አንድ፣ ዘሩ ሌላ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር፣ መቀሌ ለሥራ ሄጄ አንዲት ባልደረባዬ «ሎሚ ስራሕ የለን» አለችኝ። ምን የሎሚ ሥራ እንደሆነ ግራ ገባኝ። የእኛ ሎሚና የነሱ ሎሚ አንድ ቃል ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። «ዛሬ ሥራ የለም» ነው ያለችህ። የትግርኛው ሎሚ የግእዙ የ«ዮም» ዘመድ ነው፤ ዮም ማለት ዛሬ ነው። በዕብራይስጥ ዮም፣ በዐረብኛ የውም ሲባል ደግሞ ቀን ማለት ነው። የአማርኛው ሎሚ ግን ከውጭ የገባ ነው፤ ፋርሶች ሊሙ፣ ዐረቦች ለይሙን ይሉታል። በዐረብኛው መጨረሻ ላይ ያለችው ን እኛ ጋ የለችም፣ ትግርኛ ላይ ግን አለች። መቀሌ ገበያ ወጥተህ ሎሚ ከፈለግህ «ለሚን» በል፣ ወዲያው ይሰጡሃል።

ጥያቄ፦ በትግርኛ ቤት «ገዛ» ይባላል። ቤት የሚገዛ ነገር ስለሆነ ነው የሚል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ በአማርኛ ጆሮ የተፈጠረ ትርጓሜ ነው። የእኛ «ገዛ» ሥሩ ገዝአ ነው፤ መጨረሻ ላይ የነበረችውን አ አማርኛ ዋጣት። ትግርኛ ግን ግሡ ላይ እስከ ዛሬ ይዟታል፤ ቤቱ ላይ የለችም። «ገዛ ገዚኡ» ሲሉ «ቤት ገዛ» ማለታቸው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሟቸው፣ ልዩነቱ ይሰማችኋል።

ጥያቄ፦ «ሳለ» ለምን ይህን ያህል ትርጉም በዛበት? ሥዕል ሳለ፣ ቢላ ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ…

መልስ፦ ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። «ሳለ» ብዙ ትርጉም ያለው አንድ ቃል አይደለም፤ አንድ ላይ የተደራረቡ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ግእዝ ላይ ብንሄድ ሥዕል የሣለው ሠዐለ፣ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ነው። ጉንፋን ይዞት የሳለው ሰዐለ፣ በእሳቱ ሰ። ቢላ የሳለው ሰሐለ፣ በሐመሩ ሐ። የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል «ስሑል» የተባሉት ከዚህ ነው፤ የተሳለ፣ ብልህ ማለት ነው። አራተኛው ሰአለ ነው፣ በአልፋው አ፤ ለመነ ማለት ነው፤ «ስለት ተሳለ» የምንለው የመጣው ከዚህ ነው።

አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ጣለ፣ ሠ እና ሰንም በአንድ ድምፅ አነበበ፣ ስለዚህ ሁሉም «ሳለ» ላይ ተከመሩ። ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው ስለትና የቢላው ስለት በአጻጻፍ አይለዩም፤ ዘራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በእኔ እምነት «ትርፍ ፊደል» የሚለው አባባል ለእነዚህ ፊደላት አይገባቸውም። ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ሰው ነው፤ ለእመቤታችን «ሰአሊ ለነ» ስንል «ለምኝልን» ማለታችን ነው። ይህን ልዩነት የተሸከሙት እነዚያ ፊደላት ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ገበያ ላይ «ሹም» ሲሉ ነጭ ሽንኩርት ነው። ከአማርኛው ሹም ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ የለውም እህቴ። የነጭ ሽንኩርቱ ዘመድ የዐረብኛው «ቱም» ነው፤ ዕብራይስጥ ሸ በሚልበት ቦታ ዐረብኛ ሌላ ድምፅ ማምጣቱ ደግሞ በብዙ ቃላት የተለመደ ነው። የእኛ ሹም የመጣው ከሾመ ነው፣ በግእዝ ሤመ። እሱም ዕብራይስጥ ውስጥ ዘመድ አለው፤ «ሳም» ሲሉ አስቀመጠ፣ አኖረ ማለት ነው። ሰውን በቦታው ማኖር መሾም ሆነ። እንግዲህ እውነተኛው ዘመድ አጻጻፉ ተለውጧል፣ የሚመስለው ደግሞ ባዕድ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ አብሮኝ የሚሠራ ዐረብ «ቤተ ልሔም የሥጋ ቤት ማለት ነው» አለኝ። እኛ የእንጀራ ቤት ነው የምንለው። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ ስሙ ዕብራይስጥ ነውና የእንጀራ ቤት ትክክል ነው። እሱ ደግሞ ስሙን በራሱ ቋንቋ ጆሮ ሰምቶ ነው። እዚህ ላይ ግን ከቀደሙት የተለየ ነገር አለ፤ የዕብራይስጡ ሌሔም እና የዐረብኛው ለሕም በእርግጥም ከአንድ ሥር ናቸው። ሥሩ ዋና ምግብን የሚመለከት ነው፤ አንዱ ጋ እንጀራ፣ ሌላው ጋ ሥጋ ሆነ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም መባሉ የዕብራይስጡን ፍቺ ይዞ ነው። የግእዙን «ላህም»፣ ላሟን፣ እዚህ አታስገቡብኝ፤ እሷ በሃሌታው ሀ ናት።

ጥያቄ፦ «ጋራ»ስ?

መልስ፦ ጋራ በኦሮምኛም ተራራ ነው። «ከእኔ ጋራ» የሚለው ሌላ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን በራሴ ለማጣራት የትኛውን መዝገበ ቃላት ልያዝ?

መልስ፦ ለግእዝ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን። ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር ማመሳከር ከፈለግህ የቋንቋ ሊቁ የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት አለ። የአለቃን ስትከፍት ቃሉን በሀለሐመ ተራ አትፈልግ፤ የተደረደረው በአበገደ ነው።