ሶርሱ እዚህ፣ ቢልዱ እዚያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ሂርማታ ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ሳጠናቅር 20 ጊጋባይቱ የሩት ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበት የዲስክ ክፍል) ሞልቶ ቆመብኝ። ሆም (የግል ፋይሎቼ ክፍል) ላይ ግን 150 ጊጋባይት ባዶ አለ። ዲስኩን እንደገና ልከፋፍለው?

መልስ፦ ተው ልጄ፣ ዲስኩን አትንካው! ቦታውን ይበልጥ የሚበሉት ሲጠናቀር የሚወለዱት የኦብጀክት ፋይሎች ናቸው፤ የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) መረጃ ከተከፈተማ አይጣል ነው። ሶርሱን (የምንጭ ኮዱን) ባለበት ተወው። ሆም ውስጥ ባዶ ማህደር ፍጠርና «ሜክ» (make፣ የማጠናቀሪያው ትዕዛዝ) ባልክ ቁጥር በ«ኦ» (O=) አማራጭ የማህደሩን አድራሻ ስጠው።

አደራ፣ ሶርሱ ውስጥ የቀድሞ ቢልድ (የማጠናቀር ውጤት) ቅሪት ካለ እምቢ ይልሃል፤ አስቀድመህ በ«ሜክ ኤምአርፕሮፐር» (make mrproper) አጽዳው። እሱ ኮንፊግህንም (የከርነሉን ምርጫዎች የያዘውን ፋይል) ስለሚያጠፋ ቅጂ ያዝ። እኔም እዚሁ ጅማ መብራት ጠፍቶ ቢልዱ ሲበላሽብኝ ያንን ማህደር ብቻ ደምስሼ እጀምራለሁ፤ ሶርሴ አይነካም። በሁለቱ ክፍሎች ያሉ ፋይሎችን ማገናኘት ካሻህ ሲምቦሊክ ሊንክ (የፋይሉን አድራሻ ብቻ የሚይዝ ጠቋሚ) ተጠቀም፤ ሃርድ ሊንክ (ለዚያው ፋይል ሁለተኛ ስም) ፓርቲሽን አይሻገርም።