አስተርጓሚዎቼ ዝም አሉብኝ

ይድረስ ለምክር አምዱ፦

ጋምቤላ፣ በአንድ የስደተኞች መጠለያ የስደተኞችን መብትና ደኅንነት የሚከታተለው የጥበቃ ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ሴቶችን ቃል ከኑዌርኛ የሚያስተረጉሙልን አራት ወጣቶች አሉ፤ እነሱም ስደተኞች ናቸው። በቀን አምስት ስድስት ቃለ መጠይቅ ይሠራሉ። አንዷ እንቅልፍ አጥታለች፤ አንዱ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። እንዲወጣላቸው ብዬ ዓርብ ዓርብ ሰብስቤ የሰሙትን እንዲያወሩ ጠየቅኋቸው፤ ጭራሽ ዝም አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦

የዓርቡን ስብሰባ ይተዉት። ሰው የደረሰበትን ወዲያው እንዲዘረዝር መገፋፋትን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም። ደግሞስ ውሉን የሚያድስለት አለቃ ፊት «ከበደኝ» የሚል ማን አለ? አድማጩ ከሌላ ክፍል ይሁን።

አስተርጓሚ የሚጎዳው በተለየ መንገድ ነው። ሴትየዋ «ልጄን ዓይኔ እያየ ገደሉት» ስትል እሱም በራሱ አፍ «ልጄን ዓይኔ እያየ ገደሉት» ይላል። ጠያቂው ማስታወሻ ሲይዝ ፋታ ያገኛል፤ አስተርጓሚው ግን አንዱን ሐዘን ሰምቶም ተናግሮም ሁለቴ ያልፍበታል። የእርስዎዎቹ ደግሞ በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው፤ ማታም የሚያድሩት እዚያው ከባለጉዳዮቹ ጎረቤት ነው። ስለዚህ «ረፍት ውሰዱ» ብቻውን አያድናቸውም፤ የሥራው አካሄድ ራሱ መለወጥ አለበት።

ከባድ ቃለ መጠይቅ በቀን ከሁለት አይብለጥ፤ የቀረው ሰዓት በምዝገባና በራሽን ካርድ ሥራ ይሙላ። ከመግባታቸው በፊት 10 ደቂቃ ወስደው የጉዳዩን ዓይነት ይንገሯቸው፤ ባለጉዳዩ ዘመዳቸው ከሆነ አስተርጓሚዎቹ ምክንያት ሳይጠየቁ እምቢ ማለት ይችሉ። 45 ደቂቃ ላይ ይረፉ። አስተርጓሚው እጁን ጠረጴዛው ላይ ከዘረጋ ደግሞ ንግግሩ ይቁም፤ ጠያቂው ምልክቱን ቀድሞ ካላወቀ ግን አይሠራም። ሲያበቃ 15 ደቂቃ አብረው ይቀመጡ፤ ጥያቄው «ምን ሰማህ?» ሳይሆን «አሁን እንዴት ነህ? ማታ ከማን ጋር ነህ?» ይሁን።

ሰልፉ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን መዝገብ ላይ ያለውን ታሪክ ዳግመኛ አለመጠየቅ ብቻውን ብዙ ሰዓት ይቆጥባል፤ ለባለጉዳይዋም እፎይታ ነው።

እንቅልፍ ያጣችው ልጅ ወር ካለፋት፣ ወይም መሥራት ካቃታት፣ ወደ ጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይላኳት። ስለ መሞት ካወራች ግን ዛሬውኑ፣ ሰው አብሯት ይሂድ። በመደበኛ ደመወዝ ሳይሆን በማበረታቻ ክፍያ የሚሠሩ ስደተኞች ከሠራተኞች የምክር አገልግሎት ውጭ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስሟ የአገልግሎቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ዛሬ ያጣሩ።