አንድ ሥዕል ለሦስት ደረጃ፦ ክረምቱን እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ለምትመጡ

ሐምሌንና ነሐሴን በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ ወይም ወጣ ብሎ በሱሉልታና በሰበታ እንግሊዝኛ ለማስተማር ያሰባችሁ ወገኖች፣ «ቤተሰብ» የሚለውን ርዕስ ቀድማችሁ መምረጣችሁ አይቀርም። ጥሩ ምርጫ ነው። ግን አንድ ዴስክ ላይ ከሚቀመጡት ሦስት ልጆች አንዷ አጭር አንቀጽ ትጽፋለች፤ ሁለተኛው ቃሉን ያውቃል፣ ዓረፍተ ነገር አይገጥምም፤ ሦስተኛው ገና ፊደል እየለየ ነው። ለዚህ ሦስት የተለያየ ትምህርት ማዘጋጀት አያስፈልግም። ሥዕሉ አንድ ይሁን፣ የሚለያየው ለእያንዳንዱ የምትሰጡት እገዛ ነው። ከዚህ በኋላ አንደኛ ደረጃ የምለው ገና ፊደል እየለየ ያለውን፣ ሁለተኛ ደረጃ ቃሉን የሚያውቀውን፣ ሦስተኛ ደረጃ አንቀጽ የምትጽፈውን ነው።

ልጆቹን ከመመደባችሁ በፊት ማንበብ የተማሩት በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ። በአማርኛ የተማረው ልጅ የላቲን ፊደልን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ እየተጠራጠረ፣ ቀስ ብሎ ያነባል። በአፋን ኦሮሞ የተማረው ግን ቁቤን፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለለመደ ፊደሉ አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። እንግሊዝኛው «ሲ» የሚላት ፊደል በቁቤ ብቻዋን ስትቆም «ጭ» ናት፤ አናባቢዎቹም እንደተጻፉ ይነበባሉ። ስለዚህ ተጽፎ ያየውን «አንክል» (uncle) «ኡንጭሌ» ብሎ ቢያነበው በተማረው ሕግ በትክክል ማንበቡ ነው። ለእርሱ ቃሉን ሳያይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሰሙት፣ ከዚያ ጽሑፉን አሳዩት። በአማርኛ ለተማረው ልጅ ግን ጽሑፉን ከፊቱ አታንሱበት፤ ፊደሎቹን በጣቱ እየተከተለ ይበል። ሁለቱን «ደካማ አንባቢ» ብሎ አንድ ላይ ማስቀመጥ በእነዚህ ክፍሎች በብዛት የማየው ስሕተት ነው፤ ሁለቱንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሥር ሰው ያለበት የፈጠራ ቤተሰብ ሣሉ። ከላይ አያቶቹ ገመቹና አስካለ። ከሥራቸው ሦስት ልጆቻቸው፦ ታደሰ ከሚስቱ ከሙሉ ጋር፣ ጫልቱ ከባሏ ከደረጀ ጋር፣ ያላገባው አበበ። ከታች የልጅ ልጆቹ፦ የታደሰ ልጆች ሄለንና ናሆም፣ የጫልቱ ልጅ ቦንቱ። ክብ ራስና ስም ይበቃል፤ ሥዕል ማሳመር ሰዓት ይበላል።

የልጆቹን የራሳቸውን ቤተሰብ አታስሥሉ፤ በዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እናቱ ዓረብ አገር የሄደችበት፣ አባቱን የቀበረ፣ አክስቱን «እማዬ» እያለ የሚያድግ ልጅ በየክፍሉ አለ። «ፎቶ ይዛችሁ ኑ» ማለትም እንዲሁ ነው። ስለ ራሱ መናገር የፈለገ ልጅ በመጨረሻ በፈቃዱ ይናገር፤ ጥያቄውም «አብሮህ የሚኖረው ማን ነው?» ይሁን።

የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ እንዲህ ክፈሉት። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሥዕሉን እየጠቆማችሁ ስምንት ቃል ብቻ አስተምሩ፦ ማዘር፣ ፋዘር፣ ብራዘር፣ ሲስተር፣ ግራንድማዘር፣ ግራንድፋዘር፣ አንክል፣ አንት። «ከዝን» የሦስተኛው ደረጃ ቃል ነው። ለአማርኛ ተናጋሪው የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ በአንድ ቃል መጠራታቸው አዲስ ነገር ነው። ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ደግሞ የእናት ወንድም ኤሱማ፣ የአባት ወንድም ዋሲላ ሲሆን እንግሊዝኛው ሁለቱንም «አንክል» ይላል፤ «የትኛው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የብልህ ነው፣ መልሱለት።

ቀጥሎ 18 ደቂቃ ሥራ ነው። ዴስኮቹ ከባድ ስለሆኑ አታንቀሳቅሱ፤ የፊተኛው ዴስክ ልጆች ወደኋላ ዞረው ከኋለኞቹ ጋር ስድስት ይሁኑ። አንደኛው ደረጃ ስምንት ካርድ ይቀበላል፣ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር እያዛመደ «ሺ ኢዝ ሄለንስ ማዘር» በሚል አንድ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ስሙን እየቀያየረ ይናገራል። ካርዱን ከሱቅ ካርቶን በ10 በ15 ሴንቲሜትር ቁረጡት፤ ያለ ሌሚኔት ክረምቱን ይዘልቃል። ሁለተኛው ደረጃ ባዶ ቦታ ያለባቸውን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ከሰሌዳ ገልብጦ ይሞላል፣ ከዚያ ከጎኑ ያለውን በቃል ይጠይቃል። ሦስተኛው ደረጃ ስለ ሥዕሉ አራት እንቆቅልሽ ይጽፋል፦ «አባቱ የቦንቱ አጎት ነው፣ እህቱ ሄለን ናት፤ ማን ነው?» የሚል ዓይነት።

የቀረው 12 ደቂቃ ሁሉም አንድ ላይ የሚሠራበት ነው፤ ለእኔ የትምህርቱ ልብ ይህ ነው። ሦስተኛው ደረጃ እንቆቅልሹን ያነባል፣ ሁለተኛው መልሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ አንደኛው ወጥቶ ሰሌዳው ላይ ሰውየውን ያሳያል። ፊደል የሚለየውም ልጅ ሥራው ለክፍሉ አስፈላጊ ይሆናል። ቡድኖቹን «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» አትበሉ፣ በቁጥርም አትጥሩ። ምደባውንም በየሳምንቱ ከልሱት፤ መናገር የሚቀናው ልጅ መጻፍ ላይ ሊቸገር ይችላልና።

ከስሕተቶቹ ሁለቱን ብቻ አርሙ። አንደኛው «ቱ ብራዘር» ነው፤ በአማርኛ «ሁለት ወንድም አለኝ» ስለሚባል የብዙ ቁጥሯ «ስ» ትቀራለች። ሁለተኛው የባለቤትነቷ «ስ» ናት፤ በእኛ «የ» ከፊት ትመጣለች፣ በእንግሊዝኛ ግን ከስሙ መጨረሻ ትለጠፋለች። ድምፁን፣ «ማዘር» ሲሉ ምላስን በጥርስ መካከል ማውጣትን፣ ለሌላ ቀን ተዉት። ሁሉን ባንድ ቀን የሚያርም መምህር ክፍሉን ዝም ያሰኛል።

ከውጭ የታተመ የመልመጃ ወረቀት ስታመጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። እናት፣ አባትና ልጆች ሁሉ አንድ የመጨረሻ ስም ይጋራሉ ብሎ ይነሣል፤ እዚህ ግን ሄለን ታደሰ ገመቹ የአባቷንና የአያቷን ስም ትይዛለች፣ እናቷ ሙሉ የራሷን አባት ስም። ይህን ለሦስተኛው ደረጃ መልመጃ አድርጉት፦ ሙሉ ስም ስጧቸው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፉ።

ክፍሉን ጠዋት አድርጉት። የክረምት ዝናብ በብዛት ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲወርድም የራስን ድምፅ እንኳ አያሰማም፤ ማዳመጥ ያለበት መልመጃ ሁሉ ይበላሻል። ለማንኛውም ከሰሌዳ የሚገለበጥ የጽሑፍ ሥራ በእጃችሁ ይኑር።

ከሁሉ በፊት ርዕሰ መምህሩንና የክፍሉን መምህር አግኙ፤ ዕቅዱን አብራችሁ አውጡ፣ በልጆቹ ፊትም መምህሩን «ቲቸር» ብላችሁ ጥሩ። በመጨረሻው ሳምንት ትምህርቱን እርሱ ይምራው፤ እናንተ ኋላ ዴስክ ላይ ከአንደኛው ደረጃ ልጆች ጋር ተቀመጡና ካርዱን አብራችሁ አዛምዱ። ካርዶቹንና ሥዕሉ የተገለበጠበትን ደብተር ከመስከረም በፊት ለእርሱ አስረክቡ።