መቼ ነው «አለቀ» የምለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? ወንድሜ ከውጭ የላከልኝን የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል እየሠራሁ ነው። ልኬቱ 1 ለ 72 ነው፤ እውነተኛው 72 እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። ገጣጠምኩት፣ ብርማ ቀለም ቀባሁት፣ የአየር መንገዳችንን ዴካል፣ በውሃ ነክረው የሚለጥፉትን ስስ ምልክት፣ ለጠፍኩበት። ያየው ሁሉ «አለቀ እኮ!» ይለኛል። ለእኔ ግን አላለቀም። ጀርባው ላይ የኮላ መስመር ይታየኛል። ጅራቱ ላይ ያለው ዴካል ከስሩ ነጭ ነጭ ይላል። የአንቴናውን ሽቦም ገና አልሠራሁም። ሐረር ያለ ጓደኛዬ ደግሞ «ዝገት ጨምርበት፣ ያኔ የእውነት ይመስላል» አለኝ። አቧራ ቀባሁበት፣ አልወደድኩትም፣ አጠብኩት፣ ደግሞ ቀባሁበት። እናቴ ጠረጴዛዬን መልስ እያለችኝ ነው። ሞዴል ማለቁ በምን ይታወቃል? ንገረኝ እስቲ።
— ከሳብያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ በጠረጴዛው ነገር እናትህ እውነት አላት።

ያስቸገረህ ኮላውም ዴካሉም አይመስለኝም። የአውሮፕላኑን የትኛውን ቀን እንደምትሠራ ሳትወስን ነው የገባህበት። አንድ አውሮፕላን በዕድሜው ብዙ መልክ ይኖረዋል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. አየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሄደው ሲ-47 ነበር። የዲሲ-3 የወታደር ወንድም ማለት ነው። ከጦርነቱ የተረፈ፣ መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የተደረደረ፣ መሃሉ ለዕቃ የተተወ። እሱን ልሥራ ካልክ መልኩ አንድ ነው። ዓመት አልፎት፣ ጠጠር ሜዳ ላይ ሲያርፍና ሲነሳ የከረመውን ካልክ ደግሞ ሌላ ነው። አንተ አቧራውን ስትቀባና ስታጥብ የከረምከው ሁለቱም ስላማሩህ ነው።

ስለዚህ ዘግይተህም ቢሆን ቀኑን ምረጥ። ጽፈህ የሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፈው። «ታጥቦ ለመንገደኛ የቀረበ» ካልክ አቧራው ይቅር። «ከጅጅጋ ተመልሶ አሁን ያረፈ» ካልክ ሆዱና ጎማው አካባቢ አቧራ ይኑር፤ ክንፉ ላይ ግን አታብዛ። አውሮፕላንህ የጻፍከውን ሲመስል ታቆማለህ።

ዝገቱን እርሳው። የጓደኛህ ምክር ለታንክና ለባቡር ይሆናል። የዲሲ-3 ገላ አሉሚኒየም ነው፤ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ዕድሜ ማሳየት ካማረህ ብርማው ትንሽ ይደብዝዝ። ከሞተሩ ኋላ የዘይት ጠብታና የጭስ ጥላሸት ጣል አድርግበት። የድሮ ፒስተን ሞተር ዘይት ማንጠባጠብ ይወዳል። የፕሮፔለሩ ጠርዝ በጠጠር የተፋቀ ቢመስልም ያምራል። የጭስ ማውጫውን ቡናማ ብታደርገው አልከራከርህም።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። በወጣትነቴ ምድር ባቡር ቀለም ክፍል ሠርቻለሁ። አለቃችን የተቀባ ፉርጎ ሲረከብ አጠገቡ አይቆምም ነበር። ሀዲዱን ተሻግሮ ከማዶ ያየዋል። እኛ ቀለሙ ላይ የቀረ የብሩሽ ፀጉር ስንለቅም ካገኘን «እዚህ ድረስ ተጠግቶ ማን ሊያየው ነው?» ይለናል። ያንተንም በዚሁ ለካው። ሞዴልህን ከ30 ሳንቲሜትር ስታየው፣ እውነተኛውን ከ21 ሜትር በላይ ርቀህ እንደማየት ነው። 30ን በ72 አባዛና ድረስበት። ኤርፖርታችን ሜዳ ላይ ያን ያህል ርቆ በቆመ አውሮፕላን ላይ ሪቬት፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን ምስማር፣ ትቆጥራለህ?

ስልክ አስጠግተህ ፎቶ እያነሳህ፣ በጣትህ እያሰፋህ እንከን የምትፈልግ ከሆነማ ዕድሜ ልክህን አትጨርስም። ደግሞ ኪቱ፣ ተለያይቶ በሳጥን የመጣው ሞዴል፣ ራሱ ያጋንናል። ክንፉ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ተቀርጾ ብታገኝ፣ በእውነተኛው ላይ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ ክፍተት ማለት ነው። ጣትህን ያስገባል! እዚያ ላይ ጥቁር ቀለም እየደጋገሙ ማፍሰስ ግፍ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ግራጫ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ጉድለቶችህ። የጀርባው የኮላ መስመር ይስተካከል። ብርማ ቀለም ምንም አይደብቅም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ከሩቅ ይለያል። ትንሽ ስቱኮ፣ በውሃ የተነከረ ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ እንደገና ቀለም። ዴካሉን እንዳትፍቀው ብቻ ተጠንቀቅ። ሆዱ ላይ ያለውን መስመር ተወው። አውሮፕላን ገልብጦ የሚመረምር እንግዳ ካለህ እንግዳህን ቀይር።

ዴካሉ ነጭ ነጭ የሚለው ስሩ አየር ታፍኖ ነው። ደብዛዛና ሻካራ ቀለም ላይ ሲለጠፍ ይህ ይመጣል። ለሌላ ጊዜ መጀመሪያ አንጸባራቂ ቬርኒሽ ቀብተህ ለጥፍ። የአሁኑን በቀጭን መርፌ ወጋ ወጋ አድርገህ የዴካል ማለስለሻ አጠጣው። አንዴ ሞክር፤ እምቢ ካለህ ተወው።

ሽቦው ግን ይለያል። እንከን አይደለም፣ ያልተሠራ ሥራ ነው። ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከመጣው ዘንግ ቁራጭ ውሰድ፣ ሻማ አጠገብ አሙቀው፣ ሲለሰልስ ቀስ ብለህ ሳበው። ፀጉር የሚያህል ክር ይወጣልሃል። በወረንጦ ይዘህ በጠብታ ኮላ አጣብቀው። ይህን የመጨረሻ አድርገው፤ ቀድመህ ከሠራኸው በገዛ ብሩሽህ ትበጥሰዋለህ።

ከሽቦው በፊት ቬርኒሹ ይቀባል። ሙሉ በሙሉ ደብዛዛ የሆነውን አትጠቀም፣ ብርማውን ይገድለዋል፤ መሃከለኛው ይሻላል። የድሬን ጠባይ ደግሞ ታውቀዋለህ። በቀትር አክሪሊክ ቀለም ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። ከሰዓት ንፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል። በማለዳ ጨርስ። ቬርኒሽ ከተቀባ በኋላ ብሩሽ ዳግመኛ አይነካውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አልፈረመበትም፤ ግን ቤቴ ውስጥ ይከበራል። ከዚያ ወዲያ የሚታይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈው፣ ለሚቀጥለው ኪት ይሆንሃል። አውሮፕላኑን መስታወት ውስጥ አስገባው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን ቦታውን ቀድመህ ለካ። መስኮት ዳር ግን አታስቀምጠው፤ ፀሐዩ ዴካሉን ያወይበዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሮውን የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከነሀዲዱ በ1 ለ 87 ልሠራ ነው። የትኛውን ሀዲድ ልግዛ? እንዲህ ያለ ሥራስ ያልቃል?
— የሐረሯ አንባቢህ፣ ሸዋ በር

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ልኬት በብዛት የሚሸጠው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። እሱ የአዲሱ መስመር ነው፣ የ1,435 ሚሊ ሜትሩ። የድሮው ምድር ባቡራችን ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 12ቱን ግዢ፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚከስሽ የለም።

ማለቁን ከሳንቃው ስፋት ታውቂዋለሽ። ሳንቃውን ዛሬ ቁረጪና ከዚያ አትቀጥዪበት። ከጂቡቲ አዲስ አበባ ያለው የድሮ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ1 ለ 87 እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። «እስቲ ትንሽ ሀዲድ ልጨምር» ማለት ከጀመርሽ ከጁገል ግንብ ውጭ ነው የምታድሪው። የሳንቃሽን ስፋት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከጣቢያው ሌላ ምን እንደሚገባበት እነግርሻለሁ።